ሰባት ሰፈር ወደ አሊዩ አምባ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የካ ካለው ቤቴ ወጣሁ። የሄድኩት እንጦጦ ነው። ደጃችን ያለ ተራራ ደግሞ ጉዞ ተብሎ ይጻፋል ወይ የሚል አይጠፋም። እኔ ግን የወጣሁት ለሌላ ትልቅ መንገድ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ የምፈተነው እኔው ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ወይዘሪት ሙሉ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናት። ትምህርት ለመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ሲዘጋ ከሦስት ባልደረቦቿ ጋር በቅሎ ጭነው፣ የእንጦጦን ጫፍ ይዘው፣ የአንኮበርን ጫካና ገደል አቋርጠው ጥንታዊቱ የገበያ ከተማ አሊዩ አምባ ሊወርዱ አሰቡ። ከዚያ በመኪና ሐረር ይገባሉ። እኔ በጉልምስናዬ የነጋዴ በቅሎ እየነዳሁ አሊዩ አምባ ስመላለስ ኖሬያለሁና እንድመራቸው ጠየቀችኝ።

«አባባ፣ መንገዱ ምን ያህል ይርቃል?» አለችኝ።

«ሰባት ሰፈር ነው» አልኳት። ጻፈችው።

በሳምንቱ ካርታዋን ይዛ መጣች። «የሰባቱን ሰፈር ስም ይንገሩኝ፤ ፈልጌ አጣኋቸው።»

«ስም የላቸውም ልጄ።»

ካርታዋን አጥፋ ወጣች። ኋላ ለባልደረቦቿ «አባባ መንገዱን ረስተውታል፤ ሌላ ሰው እንፈልግ» ማለቷን ሰማሁ። ቅር አለኝ። ግን ጠብ አልወድም። «አንድ ቀን ብቻ ሞክሩኝ» ብዬ ላክሁባት፤ እሺ አለች።

በሙከራው ቀን ከእኔና ከሙሉ ጋር ሰይድ ነበር። ላምበረት ሱቅ ያለው የድሮ ወዳጄ ነው፤ አሊዩ አምባ ተወልዶ ያደገ። አንዲት በቅሎ ከአንድ እንጨት ነጋዴ በአምስት ብር ተከራይተን፣ እንደ ትልቁ ጉዞ ድንኳንና ዱቄት ጫንባት። ዳገቱን በባሕር ዛፉ መካከል ስንያያዘው ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች እየወረዱ ነበር። አንዷ ሸክሟን ግንድ ላይ አስደግፋ አየችን።

«አባቶቼ፣ በቅሎ ጭናችሁ ሽምግልና ነው?»

«ለራሳችን ነው፤ እህት አለሽ?» አላት ሰይድ።

«ለእናንተስ አያቴ አለች!» አለችና ሳቋን ለቀቀችው።

አራት ሰዓት

እንጦጦ ማርያም ደጃፍ ደረስን። እኔና ሙሉ ስንሳለም ሰይድ በቅሎዋን ያዘልን። አንዲት ሴትዮ በጣሳ ከምትሸጠው የገብስ ቆሎ ገዝተን በየኪሳችን ከተትን። በስተሰሜን የሱሉልታ ሜዳ በየካቲት ፀሐይ ቢጫ ሆኖ ተዘርግቷል፤ በስተደቡብ የከተማው ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። ከዚያ ጫፍ ጫፉን ይዘን ወደ ምሥራቅ አቀናን። ጉልበቴ እንደፈራሁት አልከዳኝም።

ስምንት ሰዓት

ሙሉ ካርታው ላይ ለመጀመሪያ ቀን ማደሪያ ብላ ምልክት ያደረገችበት ቦታ ደረስን። ውብ ቦታ ነው፤ አገሩ ሁሉ ይታያል። በካርታው ሰማያዊ መስመር የተሰመረበት ጅረት ግን ጠጠር ብቻ ሆኖ ቆየን። ሙሉ ካርታውን አገላበጠች፤ ጠጠሩን አየች። እጄን ከጭነቱ ሥር ሰደድኩ፤ የበቅሎዋ ጀርባ ግሏል።

«አሁንስ አባባ?» አለች ቀስ ብላ።

ቁልቁል አየሁ። የከብት ዱካ ከሦስት አቅጣጫ መጥቶ አንድ ጥግ ላይ ይገናኛል፤ እዚያ ቄጠማ አረንጓዴ ሆኖ በቅሏል። «በዚህ እንውረድ» አልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ደረስን። ከድንጋይ ሥር የክንድ ውፍረት የሚሆን ውሃ ይወጣል፤ ዙሪያው ሣር ነው። ጭነቱን ስናወርድላት በቅሎዋ መሬት ላይ ሦስት ጊዜ ተንከባለለችና ተነሥታ ግጦሿን ያዘች።

«ይኸውልሽ አንድ ሰፈር» አልኳት።

«ስሙስ?»

«ስም የለውም። ክረምት ሲሆን ወዲያ ይሄዳል፣ በጋ ሲሆን ወዲህ ይመጣል። ከብት ሳይመሽ ካልጋጠ በማግስቱ አይነሣም። ስለዚህ በዘጠኝ ሰዓት ሣርና ውሃ የተገናኙበት ሁሉ ሰፈር ነው።»

«እናንተ ቤት የተሠራበትን ሰፈር ትላላችሁ፤ እኛ ጭነት የወረደበትን» አለ ሰይድ ቆሎውን እየቆረጠመ።

ሙሉ ፊቷን በካርታው ሸፈነች። «እኔ ደግሞ ሰባት መንደር ስፈልግ ከረምኩ! ረስተዋል ብዬ አማሁዎት አባባ፤ ይቅር ይበሉኝ።» ከዚያ ላጲስ አወጣችና የስድስቱን ሌሊት ማደሪያ ሁሉ ደመሰሰችው፤ ሰባተኛው አሊዩ አምባ ራሱ ነው። «ይህን መንገድ ላይ እርስዎ ይነግሩኛል» አለች።

በቅሎዋ ስትጠግብ ተነሥተን፣ በአቋራጭ ቁልቁል ወርደን ፀሐይ ሳትጠልቅ የካ ገባን። ሰይድ በሰፈሩ መሐል «ለነጋድራስ መንገድ ልቀቁ!» እያለ ይጮኻል።

«ዝም በል፤ የድሮ ማዕረግ ስትጠራ ቀበሌ ይሰማሃል» አልኩት። ደስ አላለኝም ግን አልልም።

ሰኞ ለይለፍ ወረቀት ቀበሌ ሄድን። ሙሉ በስሜ ትይዩ፣ የሥራ ድርሻ ከሚለው ሥር፣ «ሰፈር መራጭ» ብላ ጽፋለች። ጸሐፊው አንብቦ ቀና አለ።

«አባባ፣ የቤት ድለላ ቀርቷል እኮ!»

«የሰው አይደለም ልጄ፣ የበቅሎ ነው።»

«ያለ እርሳቸው አንሄድም፤ ማኅተሙን ምታበት» አለችው ሙሉ። መታበት።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ቢኖር ይህ ነው፤ ካርታ አገሩን ያውቃል፣ ሰዓቱንና ወራቱን ግን አያውቅም። እኔም የማውቀውን ይዤ ዝም ማለት አይገባኝም ነበር፤ ሰፈር ማለት ምን እንደሆነ የዛኑ ዕለት ብነግራት ኖሮ ሁለታችንም ባልተቀያየምን። ቤቴ ገብቼ ወረቀቱን ዘረጋሁ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ፣ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ስሜ። ከዚያ፦ ሰ-ፈ-ር። መ-ራ-ጭ። ሁለተኛም አነበብኩት።