ጠያቂ የፈሩት አክስቴ

ማክሰኞ ማለዳ፣ ቢቸና

ቦርሳዬን አንግቼ መናኸሪያ የወጣሁት ሞጣ ድረስ ሄጄ አክስቴን እትዬ የሺን እንዲመረመሩ ለማግባባት ነው። እናቴን ያጣኋት በማኅፀን በር ካንሰር ነው፤ ሕመሙ ሲታወቅ ጊዜው አልፎ ነበር። እትዬ የሺ የእናቴ ታናሽ እህት ናቸው። እኔ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ፤ የቢቸናን ሴቶች «ሳትታመሙ ተመርመሩ» እያልኩ ስለፈልፍ እውላለሁ። የገዛ አክስቴን ግን በስልክ ስለምናቸው ከርሜ አልሆነልኝም።

ሚኒባሱ ሞልቶም አልጠገበም። በግራ በኩል ጮቄ ጉም ለብሷል፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ ለምለም ነው። ደብረ ወርቅ ላይ ወርደን ሻይ በዳቦ ቀመስን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወገብ ይፈትናል።

ከሰዓት፣ ሞጣ

እትዬ የሺ አገላብጠው ሳሙኝ፣ ሽሮ አቀረቡልኝ። ስለ ምርመራው ሳነሳ ግን ፊታቸውን አዞሩ።

«ጤና ጣቢያ ስገባ ካዩኝ ሰፈሩ ሁሉ ድፎ ዳቦ ተሸክሞ ሊጠይቀኝ ይመጣል። ምን ሆንኩ ልበል? የገላዬን ነገር ለመጣው ሁሉ ላውራ?»

ያን ሁሉ ፖስተር ስለጥፍ ይህ አንድም ቀን አልታየኝም። በእኛ አገር የታመመ ሰው ሳይጠየቅ አይውልም፤ አክስቴን ያስቀራቸው ይኸው ደግነታችን ነበር።

ጎረቤታቸው ጨርቅ ነጋዴዋ ወይዘሮ ዘይነባ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ኖሯል። «ታዲያ ሁላችንም እንሂዳ፤» አሉ። «ማን ቀርቶ ማንን ይጠይቃል?»

እትዬ የሺ ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንቺስ ታይተሻል?» አሉኝ።

አልታየሁም። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ሥራ በዝቶብኝ ነው ልል ነበር፤ እውነቱ ግን ፈርቼ ነው።

«እንግዲያው ቀድመሽ የምትገቢው አንቺ ነሽ፤» አሉ።

ረቡዕ ጠዋት

ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ሰባት ሆነን ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ የማኅፀኔን በር በኮምጣጤ ቀባ አድርጋ ስታየኝ እትዬ የሺ እጄን ይዘው ነበር። እንደፈራሁት አላመመኝም። ነርሷ ግን ኮምጣጤው ሲነካው ነጣ ያለ ቦታ አየች። ካንሰር እንዳልሆነ፣ ቢተው ግን ከዓመታት በኋላ ወደዚያ ሊያመራ እንደሚችል አስረዳችኝ፤ እዚያው ታከምኩ። እትዬ የሺ ምንም አልተገኘባቸውም።

ስንወጣ አለቀስኩ። «እናትሽንም እንዲህ ይዘናት መጥተን ቢሆን፤» አሉ እትዬ የሺ፣ እንባዬን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ።

ቅዳሜ፣ ቢቸና

ቤቴ በገባሁ በሁለተኛው ቀን በሬ ተንኳኳ። እትዬ የሺና ወይዘሮ ዘይነባ ድፎ ዳቦ ተሸክመው ከሞጣ መጥተዋል።

«እግዜር ይማርሽ፤» አሉ አንደኛዋ። «አላህ ያሽርሽ፤» አሉ ሌላዋ።

ዳቦ የተሸከመ እንግዳ ያዩ ጎረቤቶቼም «ምን ሆነሽ ነው?» እያሉ ተከታትለው ገቡ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ምንም» ብዬ እሸኛቸው ነበር። አሁን ግን ዳቦውን እየቆረስኩ የሆንኩትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሰኞ ሊመረመሩ አብረውኝ ጤና ጣቢያ የሚሄዱት አምስት ናቸው።