ጀርባ ለመስኮት

«ደጄ ክፍት ነው ለሁላችሁ…» እያሉ ያንጎራጉራሉ ሽማግሌው፤ የድሮ የምርጫ ዘፈናቸው ነው፣ ቀጣዩ ስንኝ ጠፍቷቸዋል። የአሜሪካዋ ሞንታና ግዛት ሕዝብ እንደራሴ ሳሉ፣ በዚህች ምግብ ቤት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞሩ እጅ ሲጨብጡ ሾርባቸው ይቀዘቅዝ ነበር። የፌዴራል ዳኛ ሆነው ብዙዎችን ያስቆጣ አንድ ፍርድ ከፈረዱና «እንገድልሃለን» የሚለው ስልክ ከመጣ ወዲህ ግን፣ ከግድግዳው ተጠግተው ቆመው ነው የሚበሉት። ዓይናቸው ከመስኮቱ አይነቀልም።

«ክቡር ዳኛ፣ እኔ እኮ መርጬዎት ነበር!» አለ አንድ ገበሬ፣ እጁን ወደ ካፖርቱ ኪስ እየሰደደ።

ማንኪያቸው ወደቀ። ገበሬው መሐረብ አውጥቶ ተናፈጠ።

«ዛሬማ ዳኛን ማን ይመርጣል፣ ወንድሜ» አሉ፤ ከንፈራቸው አመድ መስሏል።

አስተናጋጇ ዋንዳ ይህን አየች። ወንበር ስባ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ተቀመጠች።

«በእኔ ተከልለው ይብሉ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ሰፊ ነኝ፤ ጥይቱም መንገድ ላይ ይደክመዋል።»

ከጠረጴዛው ሌላ ማንኪያ አነሱ። ከዚያ ሌላ ወንበር ስበው ከጎኗ ተቀመጡ፤ እሳቸውም ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው፣ ሾርባውን በትኩሱ ይበሉ ጀመር።