ሦስቱ የቡዤ ጠርሙሶች

አዲስ የተጣለ ጠጅ ሽታ፣ ማርና ጌሾ በአንድ ጋን ውስጥ መፍላት ሲጀምሩ የሚወጣው ጣፋጭም ኮምጣጣም ሽታ፣ በየትም ሲያጋጥመኝ የሸዋ ሮቢት ቤታችንን ያመጣብኛል። እናቴ አስካለ በከተማው የታወቀች ጠጅ ጣይ ነበረች፤ ጋኖቿን ከሮቢ ወንዝ በተጋዘ አሸዋ ላይ ደርድራ ጠዋትና ማታ ውሃ ስለምታርከፈክፍበት፣ ውጪው በሙቀት ሲጋረፍ የጓዳችን ወለል እግር ያቀዘቅዝ ነበር።

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ በበጋው ውስጥ አባቴን «ለአርበኞች እህል አቀብለሃል» ብለው ወስደው ከተማው ዳር ባለው ካምፓቸው ውስጥ አሰሩት። እናቴ ስንቅ እየቋጠረች በር ላይ ታደርስ ነበር፤ እሱን ማየት ግን አይፈቀድላትም።

በሚያዝያ፣ ካፖ የምንለው የጣሊያኖቹ የመንገድ ሥራ አለቃ የጓዳችንን ቅዝቃዜ ሰምቶ ኖሮ፣ ከአስተርጓሚው ጋር መጥቶ በጭድ የተጠቀለሉ ሦስት ወፍራም ጠርሙሶች አወረደ። የእናቱ አገር ወይን ጠጅ ነበር፤ ፈረንሳይ ውስጥ ካለች ቡዤ ከምትባል ትንሽ ተራራማ አገር የመጣ፣ ፈዘዝ ያለ ቀይ፣ ቡሹ በሽቦ የታሰረ።

«እትዬ አስካለ፣ እሑድ አንድ ኮሎኔል ወደ ደሴ ሲያልፍ እዚህ ምሳ ይበላል» አለ አስተርጓሚው። «ካፖው ይህንን ይቀዳለትና ደስ ሲለው ባልዎን እንዲፈታ ይለምነዋል። እስከዚያ በደንብ ያቀዝቅዙልን።»

እናቴ አንዱን ጠርሙስ ዘንበል አድርጋ ስትመልሰው አንገቱ ላይ አረፋ ቋጠረ።

«ይኼ እኮ ገና እየፈላ ነው። ጌታህ ሳይበስል ነው እንዴ የሚያወርደው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ፣ እኔ የምጠጣው የእርስዎን ነው» ብሎ ሳቀ። ካፖው ምን እንደተባለ ቢጠይቀውም ሳይተረጉምለት ተያይዘው ወጡ።

ዓርብ ዕለት ሙቀቱ በርትቶ አሸዋው ሳይቀር ደረቀ። ከሰዓት በኋላ ከጓዳ ጥይት የመሰለ ድምፅ ሰምተን ስንገባ አንዱ ጠርሙስ ተሰባብሮ ወይኑ አሸዋው ውስጥ እየሰረገ ነበር። የሚፈላ ጠጅ አፉ ተደፍኖ ከቆየ ጋን እንደሚሰነጥቅ፣ መላውም ማስተንፈስ እንደሆነ ጠጅ የሚጥል ሁሉ ያውቃል። እናቴም የቀሩት ሁለቱ ከፈነዱ አባቴ እንደማይወጣ አስባ፣ ሽቦውን ፈትታ፣ ቡሾቹን አውጥታ፣ አፋቸውን በንጹሕ ሻሽ ሸፍና መልሳ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ተከለቻቸው።

እሑድ ጠዋት ካፖው መጥቶ ሻሹን ከጠርሙሶቹ አፍ ላይ አነሳ። ብርጭቆ ላይ ቀድቶ ወደ ጆሮው አስጠጋ፣ ከዚያም ቀመሰ። አረፋ የሚባል አልነበረውም።

«ይህ ወይን ፍላቱን ሳይጨርስ የሚዘጋው አረፋው ውስጡ እንዲቀር ነው» አላት በአስተርጓሚው በኩል፤ አልተቆጣም። እናቴ በወይኑ ፋንታ የራሷን ጠጅ ይዛ ልትከተለው ብትለምነው ራሱን ነቀነቀ፤ ኮሎኔሉ የአገሬውን መጠጥ አይነካም ነበር።

ኮሎኔሉ ምሳውን በልቶ አለፈ፤ የአባቴ ነገር አልተነሳም። በሰኔ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ አባቴን ከሌሎች እስረኞች ጋር በካሚዮን ጭነው ወደ ደሴ ወሰዱት።

ሁለት ክረምት አልፎ ጣሊያን ሲወጣ አባቴ ከስቶ፣ ጥርሱ ረግፎ ተመለሰ። እናቴ ውሃ እንኳ ሳታቀርብለት፣ በር ላይ እንደቆመች ሁሉንም ነገረችው። እሱም ቆሞ ሰማት።

«ባትከፍቺውም ኮሎኔሉ እምቢ ሊል ይችል ነበር» አላት።

«ሊል ይችል ነበር። አሁን ግን አናውቅም» አለች።

አባቴ ገባና ተቀመጠ።

ዛሬ እናቴ ከደረሰችበት ዕድሜ አልፌያለሁ። ልጆቼ ደጎች ናቸው፤ ክፉ ነገር ሲገጥማቸው እንዳልጨነቅ ብለው ይደብቁኛል፣ እኔም ማወቄን ሳልነግራቸው ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ተጫውተን እንለያያለን። እናቴና አባቴ ግን ያን ሁሉ በር ላይ ተነጋግረው፣ በዚያው ቤት ሃያ ዓመት አብረው ኖሩ።