በበረዶ ምክር የተነሳ ሰርግ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጋሽ ወርቁ ፎቶ ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን ካሜራ አልነካሁም። ሥራዬ ባትሪ ቻርጅ ማድረግ፣ የመብራት ማቆሚያዎችን ማጠፍና ሌንስ መወልወል ነበር። ሌንስ መወልወሉም ፈተና ነበረው።

«እጅሽ ላይ ቅባት አለ?» አሉኝ ጋሽ ወርቁ።

«የለም።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

መዳፌን ገልበጥ አድርገው አይተው ጨርቁን ሰጡኝ። ከዚያ በፊት በምኖርባት አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳ ነበር፤ እዚያ እጄን ያየ ሰው አልነበረም። ልቆጣ ወይስ ልደሰት ሳልወስን መወልወል ጀመርኩ።

ፎቶውን የሚያነሱት ጋሽ ወርቁ ናቸው። ቪዲዮውን የሚይዝ ሰው በየሰርጉ ይቀጠራል። መብራት ያዧ እኔ ነኝ። ወደ ቤቴ ልሄድ ስል ጋሽ ወርቁ መሳቢያቸውን ከፍተው ፕላስቲኩ እንኳ ያልተቀደደ ወፍራም መጽሐፍ አወጡ። የአዲሱ ዲጂታል ካሜራ መመሪያ ነበር።

«ካሜራውን መንካት ከፈለግሽ መጀመሪያ ይህን ጨርሺ።»

«እርስዎ ጨርሰውታል?»

«እኔ የፊልም ዘመን ሰው ነኝ። አያስፈልገኝም።»

ጊዜው በፈረንጆቹ የሁለት ሺህዎቹ አጋማሽ ነው። ካሜራን ከስልክ ቪዲዮ መማር ገና አልመጣም። መመሪያውን ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ስመላለስ ባቡር ውስጥ አነበው ነበር። እያንዳንዱን ቃል ለብቻው ከመዝገበ ቃላት አገኘዋለሁ፤ ቃላቱ አንድ ላይ ሲሰለፉ ግን ጭልጥ ብለው ይጠፉብኛል።

መፍትሔው የተገኘው አሌክሳንድሪያ ቤተ መጻሕፍት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እንግሊዝኛ በነጻ የሚያስተምሩ ሚስ ካረል የሚባሉ ጡረተኛ አስተማሪ ነበሩ። ምን ማንበብ እንደምፈልግ ሲጠይቁኝ መመሪያውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

«ስለ ካሜራ ምንም አላውቅም» አሉኝ። «ስለዚህ አብረን እንማራለን።»

እንዲህ ያለ አስተማሪ እግዜር ለሁሉም ይስጥ። አንድ ገጽ ያነባሉ፣ እኔ እደግማለሁ፣ ከዚያ ጋሽ ወርቁ ሳይወዱ በግድ ያዋሱኝን ካሜራ አውጥተን ቁልፉን እንፈልጋለን። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ የባትሪ ጉዳይ ናት ብዬ ስንት ጊዜ ሳልነካት ኖሬያለሁ። ለሚስ ካረል ይህን ስነግራቸው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ያቺ ቁልፍ በረዶ ላይ ፎቶ ስለማንሳት በሚያወራው ገጽ ላይ ተስላለች።

«ይህን እንለፈው» አልኳቸው። «የእኛ ሰው በበረዶ አያገባም።»

አለፍነው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግሪንቤልት የምትኖር ሜሮን የምትባል ልጅ ሰርጓን ልታስይዝ መጣች። ተቀምጣ ገና ዋጋ ሳትጠይቅ ከቦርሳዋ አንድ አልበም አወጣች። ጋሽ ወርቁ ራሳቸው ያነሱት የእህቷ ልጅ ክርስትና ነበር።

«ጋሼ፣ አባቴ ለሰርጌ ሊመጣ ነበር፤ ቪዛውን ዲናይ አድርገው ከለከሉት» አለች። «እናቴ ከሞተች በኋላ እኔና እህቴን ብቻውን ያሳደገን እሱ ነው። ደሴ ቁጭ ብሎ ሰርጌን የሚያየው በእናንተ ፎቶ ነው። ይህን የክርስትና ፎቶ ልኬለት ኮል ሳደርግለት ምን አለኝ መሰላችሁ? ‹ነጠላውን አየሁት፤ እናንተን ግን አላየኋችሁም።› ፕሊስ፣ ይሄ ነገር እንዳይደገም።»

አልበሙን ገለጥኩት። እውነቷን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ሙሉ ነጭ የለበሰ ሰው ነው፤ ነጩ አመድማ ሆኗል፣ ፊቱ ሁሉ ጠቁሮ አፍንጫና አፍ አይለይም።

«ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፍላሽ ተከልክሎ እኔ ምን ላድርግ!» አሉ ጋሽ ወርቁ። ልጅቷ ከወጣች በኋላ ግን አልበሙን ትታላቸው ስለነበር ብቻቸውን ደጋግመው ሲያገላብጡት አየኋቸው። አሳዘኑኝ። ሥራቸውን የሚወዱ ሰው ናቸው።

ቅዳሜ ይህንኑ ለሚስ ካረል አወራኋቸው። ሁሉም ሰው ነጭ ለብሶ ፊቱ ግን እንደሚጨልም ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ መጽሐፉን ወደ ኋላ ገለጡና ያለፍነውን ገጽ ማንበብ ጀመሩ። ካሜራው ብዙ ነጭ ነገር ሲያይ ብርሃን የበዛ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ፎቶውን ራሱ ያጨልመዋል፤ ቁልፏን ተጭናችሁ ወደ መደመሪያው አዙሩ ይላል።

«ካሜራው እኮ በረዶ መሆኑን አያውቅም» አሉኝ። «የሚያውቀው ነጭ መሆኑን ነው።»

«ነጠላ!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ነጠላ ይዤ ሄድኩ። ነጭ ግድግዳ አጠገብ ቆሜ ተከናነብኩ፤ ሚስ ካረል አነሱኝ። መጀመሪያ ቁልፏን ሳይነኩ፣ ቀጥሎ ወደ መደመሪያው እያዞሩ። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ማን እንደሆንኩ እኔም አላውቅም። ብርሃኑ ሲጨመር ግን ዓይኔ መጣ፣ ቀጥሎ ጉንጬ መጣ።

«እኔ የማውቃት ይህቺን ናት» አሉ ሚስ ካረል። ደስታው እስካሁን ውስጤ አለ።

ፎቶዎቹን ለጋሽ ወርቁ ሳሳያቸው መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ አወለቁ።

«በበረዶ ምክር ሰርግ ልናነሳ ነው በይኛ!»

«ነጭ ነጭ ነው ጋሼ።»

«አንድ ነገር ረስተሻል። ብርሃን በጨመርሽ ቁጥር ካሜራው ቀስ ብሎ ነው የሚያነሳው። ሰዉ ሲንቀሳቀስ ይደበዝዝብሻል።» ከመደርደሪያው ጥግ አጭር ሌንስ አወጡ። «ለፊልሙ ካሜራ የገዛኋት ናት፤ ለዚህኛውም ትገጥማለች። ጨለማ ውስጥ እንኳ ብርሃን ትጠጣለች። ክርንሽን ጎንሽ ላይ አጣብቂ፣ ትንፋሽሽን አውጥተሽ ተጫኚ። ይህ መጽሐፉ ላይ የለም።»

እሳቸው የፊልም ዘመን ሰው በመሆናቸው ያን ቀን አመሰገንኩ።

የሰርጉ ቀን ማለዳ ቪዲዮ የሚይዘው ሰው ቀረ። ጋሽ ወርቁ ቪዲዮውን ራሳቸው ተሸክመው ፎቶ ካሜራውን አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። ቀድመው ቢጠይቁኝ ኖሮ እምቢ እል ነበር መሰለኝ።

ቄሱ ገና ከበር «ፍላሽ አይፈቀድም» አሉን። ውስጡ ደብዛዛ ነው። ሙሽሮቹ ነጭ ካባ ለብሰዋል፣ ሚዜዎቹ ነጭ፣ ምእመኑ ነጭ። ቁልፏን ወደ መደመሪያው አዞርኩ። አንድ አንስቼ ከካሜራው ጀርባ አየሁት፤ የሜሮን ፊት ገና ጨለማ ነው። ጨመርኩ።

ጋሽ ወርቁ በትከሻዬ ላይ አጮልቀው አዩ። «ኧረ ልጄ፣ ነጠላው ሊቃጠልብሽ ነው! ጥለቱ ሁሉ ጠፋ እኮ» ብለው አንሾካሾኩ። በእኛ ሙያ ተቃጠለ የሚባለው ነጩ ከመጠን በላይ ነጥቶ ዝርዝሩ ሲጠፋ ነው። እውነታቸውን ነው። ያ ሁሉ የሽማኔ ልፋት ባዶ ነጭ ሆኗል። ሁለቱንም ማዳን አልችልም።

«ይቃጠል» አልኳቸው። «አባቷ ነጠላውንማ አይተውታል።»

ጋሽ ወርቁ ወደ ቪዲዮአቸው ተመለሱ። ቄሱ አክሊሉን ሲደፉላት ሜሮን ቀና አለች። ክርኔን ጎኔ ላይ አጣብቄ፣ ትንፋሼን አውጥቼ ተጫንኩ።

ፎቶዎቹ ታትመው ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው እጅ ተላኩ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ሥራዬን ትቼ እዞራለሁ። አንድ ቀን ጋሽ ወርቁ ስልኩን አንስተው ቀጥ ብለው ቆሙና ድምፁን ለሁለታችንም ከፈቱት።

«የሜሮን አባት ነኝ» አለ ሽማግሌ ድምፅ። «ፎቶውን ያነሳችሁት እናንተ ናችሁ?»

«እኛ ነን፤ ምነው? ጥፋት አለ?» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«ልጄ ከስታለች!»

እኔና ጋሽ ወርቁ ተያየን።

«ስልክ ስደውል ደህና ነኝ፣ እበላለሁ ትለኛለች። ይኸው ጉንጯ አልቋል። ከዓይኗ ሥርም ጠቁሯል፤ እንቅልፍ የላትም። እኔን ማታለል አይቻልም፣ ፊቷን አይቼዋለሁ!»

ጋሽ ወርቁ መነጽራቸውን ሲያወልቁ ስልኩን እኔ ያዝኩት።

«አባባ፣ ያነሳኋት እኔ ነኝ።»

«አንቺ ነሽ? እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። በይ አሁን ደውለሽ ‹ብዪ› በያት።»

ደወልኩላት። ሜሮን ሰርጓን ለመክፈል ሁለት ሥራ ደርባ ትሠራ እንደነበር የነገረችኝ ያኔ ነው፤ ለአባቷ አንድም ቀን ተናግራ አታውቅም።

ዛሬ የራሴ ፎቶ ቤት አለኝ። አዲስ ካሜራ ስገዛ መመሪያውን አነባለሁ፣ ወጣቶቹ የሚልኩልኝን ቪዲዮም አያለሁ። ሁሉም ይጠቅማል፤ ሁሉም የሚያወራው ግን ስለ ካሜራው ነው። ስለዚህ ሥራ ከመቀበሌ በፊት ደንበኛዬን እጠይቃለሁ፤ መምጣት ያልቻለ ማን አለ? ብርሃኑን የምለካው ለዚያ ሰው ነው።