ለሠላሳው እንቆቅልሽ የተሰጠኝ አገር

ሒሳብ እወዳለሁ። ይህን በማስተምርባት በመካነ ኢየሱስ ከተማ ለሰው ስናገር «አይ መምህርት፣ ደመወዙን ነው እንጂ!» እያሉ ይስቁብኛል። ተማሪዎቼ የሚወዱት ፈተና ላይ የሚመጣውን ብቻ ነው፤ ባልደረቦቼም ደወል ሲደወል ጠመኔውን ጥለው ይወጣሉ። ሒሳብ የሚያጫውተኝ ሰው ስላጣሁ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈትኩ።

ጨዋታው በአገራችን ደንብ ነበር። «እንቆቅልሽ» እላለሁ፤ «ምን አውቅልሽ» ይሉኛል፤ ጥያቄዬን አቀርባለሁ። ያቃተው አገር ይሰጠኛል። «ደብረ ታቦርን ሰጠሁሽ» ሲለኝ «ደብረ ታቦር ገብቼ ምን አጥቼ» ብዬ እፈታዋለሁ። አገር ሳልቀበል መልስ አልናገርም። የስማዳው ልጅ እስቴን፣ የእስቴው ስማዳን ሲሰጠኝ እየተሳሳቅን እንውል ነበር።

ከሁሉም የምወዳቸው አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ያሉት ሩቅ ነው፣ ሌላ ክልል፤ አማርኛቸውም የትምህርት ቤት አማርኛ ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ፣ ልጄ ይሉኛል፤ በአካል ተገናኝተን አናውቅም። መልሱን ግሩፑ ላይ አይጽፉም፤ ወጣቶቹ ይሞክሩት ብለው ነው። በተለያየ መንገድ ይፈቱትና የወረቀቱን ፎቶ ለብቻዬ ይልኩልኛል። ከአንደኛዋ ሥር «ይቺ አታምርም?» ብለው ይጽፋሉ። በሕይወቴ ሒሳብ ያምራል ያለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

አንድ ቀን ከአባቴ የሰማሁትን አቀረብኩ። አባቴ ጋይንት ቤተ ልሔም የተማሩ ቄስ ናቸው፤ ጾምና በዓል የሚወጣበትን ባሕረ ሐሳብ በጣታቸው ያሰላሉ። አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። ዓመት በመጣ ቁጥር ይለዋወጣሉ፤ ድምራቸው ግን ሁልጊዜ ሠላሳ ነው። ለምን?

«አባቶች ስለሠሩት» አለ አንዱ። «እሱማ ልክ ነው፤ እንዴት አድርገው ሠሩት?» አልኩ። ሲያቅታቸው አገር መስጠት ጀመሩ። አንድ ቀልደኛ «የጋሼን ከተማ ሰጠሁሽ» አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ «ድሮስ የማን ሆነና!» ብሎ ጻፈ። ይኼኔ ኔትወርክ ጠፋ።

ሲመለስ ስልኬ ስድብ ብቻ ሆኖ ጠበቀኝ። ከተማዋ የኛ ናት የሚሉና የናንተ አይደለችም የሚሉ፣ ከየት እንደመጡ የማላውቃቸው ሰዎች ጭምር፣ ሲሰዳደቡ ውለዋል። ሠላሳን ያነሳ የለም። ጋሼ መሃል ገብተው «ልጆች፣ ጨዋታ እኮ ነው፤ ወደ ሠላሳችን እንመለስ» ብለዋል። የተመለሰላቸውን እዚህ አልደግመውም፤ «አንተ ማነህ?» የሚለው ከሁሉም የተሻለው ነው። ጋሼ ከግሩፑ ወጥተዋል።

የቀለደው ልጅ «እኔ ምን አልኩ?» ይለኛል። ክብሪት የጫረ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው።

ለጋሼ ለብቻቸው ጻፍኩ። «ስለ እግዚአብሔር ይቅር ይበሉን፤ እኔ አልነበርኩም» አልኳቸው። መለሱልኝ። «ልጄ፣ አንቺን አልተቀየምኩም። ግን ልጆቼ አነበቡት። ከነዚህ ሰዎች ጋር ምን ያደርጋሉ ይሉኛል። በዚህ ዕድሜዬ ከልጆቼ ልጣላ?» ከዚያ ወዲህ የምልከውን አያነቡም።

በስድቡ ማግስት ከተማሪዎቼ አንዷ «ቲቸር፣ አገር ተሰጥቶሽ ዝም ይባላል? ፍቺው እንጂ!» ብላ ግሩፑ ላይ ጻፈችልኝ። እሷ ምን አጠፋች፣ ደንቡን ነው የጠየቀችው። ፈታሁት። ሁለቱም የሚወጡት ከአንድ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ በአሥራ አንድ ሲባዛ አበቅቴን፣ በአሥራ ዘጠኝ ሲባዛ መጥቅዕን ይሰጣል፤ ሠላሳ በሞላ ቁጥር ሠላሳው ይገደፋል። አሥራ አንድና አሥራ ዘጠኝ ደግሞ ሲደመሩ ሠላሳ ናቸው። «ገብቼ ምን አጥቼ» የሚለውን ግን መጻፍ አቃተኝ።

ጭብጨባውና የልቡ ምልክት ዘነበልኝ፤ «አንበሳ ነሽ» ያለኝም አለ። ጋሼ የት ሄዱ ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም።