ተመትተሃል ወይስ ተቀጥተሃል

የጥናት ቅጹን ጥያቄ አሥራ አራት ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። «በትምህርት ቤት ውስጥ በመምህር ተመትተህ ታውቃለህ?» ይላል። ከሥሩ ሁለት ሳጥን አለ፤ «አዎ» እና «የለም»። ጥናቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንዴት እንደሚማሩና ኑሯቸው በውጤታቸው ላይ ምን እንደሚያደርስ ለማወቅ ነበር። ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ቾክ ያንገሸገሸኝ ሰው ስለነበርኩ ቅጽ ማስሞላት እንደ ዕረፍት ታይቶኝ ነው የገባሁበት።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ትንንሽ ከተሞች ወደ አንዷ ሄድኩ። ዋዜማውን ተኩስ ስለነበር መንገዱ ተዘግቶ ውሎ ጠዋት ነው የተከፈተው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብቼ ወረቀቱን አደልኩ። ከመስኮቱ ውጭ ዩኒት ሊደሩ፣ የተማሪውን ሥነ ሥርዓት የሚቆጣጠረው መምህር፣ ያረፈዱትን ጠጠር ላይ አንበርክኮ በውሃ ጎማ ይገርፋል። ጎማው ጀርባ ላይ ሲያርፍ ድምፁ ክፍሉ ውስጥ ይሰማል። ከተማሪዎቹ አንድም ቀና ያለ አልነበረም፤ ቅጹን መሙላት ቀጠሉ።

ወረቀቶቹን እየዞርኩ አየሁ። ጥያቄ አሥራ አራት ላይ ሁሉም «የለም» ብለዋል። ደሜ ፈላ።

«ትዋሻላችሁ እንዴ?» አልኩ።

ከፊት የተቀመጠች ልጅ አንገቷን አዙራ ቀኝ ጆሮዋን ወደ እኔ ሰጠች። «አያ፣ በዚህ በኩል ይንገሩኝ። ግራው አይሰማኝም» አለች።

«ምነው? ምን ሆኖ?»

«ባለፈው ወር ተቀጥቼ ነው።»

ያን ዕለት በመንገዱ ተኩስ ስለነበር በገደሉ ዞራ መጥታ አረፈደች። ዩኒት ሊደሩ በጥፊ ሲላት ከጆሮዋ ደም ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ መስማት ተወ። መምህራኑ የሚሉት እንዳያመልጣት ብላ ነው ፊት የተቀመጠችው። ማትሪኩ ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል፤ ካለፈች ነርስ መሆን ነው የምትፈልገው።

«ታዲያ እዚህ ላይ ‹የለም› ያልሽው ለምንድን ነው?»

ነገር የማይገባው ሰው እንደሚታይ አየችኝ። «መመታትማ ሌላ ነው። የሚመታ ጠበኛ ነው። እሳቸው ቀጡኝ እንጂ መች መቱኝ?»

ይህን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ጎንደር ቁስቋም ነው ያደግኩት፤ አባቴ መሪጌታ ነበር። ዜማ ስስት በመቋሚያው አናቴን ብሎኝ ደሜ በአንገቴ ሲወርድ ጎረቤቱ «ሸጋ ልጅ፣ የተቀጣ ልጅ» እያለ ነበር የሚያመሰግነኝ። አባቴ መታኝ ብዬ በሕይወቴ ተናግሬ አላውቅም። መምህር ስሆን ደግሞ በተራዬ ስንቱን ቀጣሁ። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ «መመታት» ብዬ ተረጎምኩ፤ ማንም የማይመልሰውን ጥያቄ ጻፍኩ።

«‹ተመትተህ› የሚለውን ሰርዙና ‹ተቀጥተህ› በሉት። የደረሰባችሁን ከጎኑ ጻፉ» አልኳቸው።

ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ የማይታጠፍ ጣቱን አሳየኝ፤ ሌላው ሸሚዙን ገልጦ የትከሻውን ሰንበር አሳየኝ። ማን የባሰ እንደተቀጣ እየተፎካከሩ ይስቃሉ። ልጅቱ ብቻ አትስቅም፤ አጎንብሳ ትጽፋለች።

ጫጫታውን ሰምቶ ዩኒት ሊደሩ ጎማውን እንደያዘ ገባ። ሁሉም ጸጥ አለ። እሷ ግን በሩ በግራዋ በኩል ስለነበር አልሰማችውም፤ መጻፏን ቀጠለች። ከኋላዋ ቆሞ የጻፈችውን አነበበ። ከዚያ ደህነኛውን ጆሮዋን ጠምዝዞ አስነሳትና በጎማው ጀርባዋን አንዴ፣ ሁለቴ አላት።

ጎማውን ከእጁ ቀማሁት። ፊቱ ላይ አሳረፍኩበት። አንዴ አልበቃኝም፤ ቅንድቡ ተሰንጥቆ ደሙ ዓይኑን ሲሞላውም አልተውኩትም። ግድግዳውን ተደግፎ ሲንሸራተት ደገምኩት። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከአባቴ ጀምሮ የተጠራቀመው ሁሉ በዚያ ክንድ ወጣ። ጥበቃውና ሁለት መምህራን ናቸው ጎትተው ያላቀቁኝ።

ልጅቱ ጆሮዋን በመዳፏ ይዛ ቆማለች። እንባዋ ይወርዳል። «ምነው አያ? ምነው እንዲህ አደረጉ? ፈተና አለብኝ እኮ» አለችኝ። ወጥቼ የመጣሁበት መኪና ውስጥ ገባሁ።

ጎንደር ያለው አለቃዬ የተሰረዘበትን ወረቀት ሁሉ ውድቅ አደረገው። ጥያቄ በመሐል መቀየር አይቻልም፤ ቅጹ እንደነበረ እንደገና ይሞላ አለ። ሽማግሌ ተልኮ ከዩኒት ሊደሩ ጋር ታረቅን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመለስ በር ላይ ጠብቆ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ቅንድቡ ተሰፍቷል። በብብቱ አዲስ ጎማ ይዟል።

ክፍል ገብቼ ወረቀቱን ማደል ጀመርኩ። ከፊት ያለው ወንበር ባዶ ነው።

«የት ሄደች?» አልኩ አጠገቡ የተቀመጠችውን ጓደኛዋን።

«ቀረች።»

«ምነው? ፈተናው ሊደርስ አይደል?»

ወረቀቱን ተቀብላ ስሟን መጻፍ ጀምራ ነበር፤ ቀና አላለችም።

«አባቷ ቀጥተው ቤት አስቀሯት» አለችኝ። «መምህር አስመታች ብለው።»