በስልክ የመጡት ዳኛ

ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ስጽፍ ፀጉሬ ሸበተ። የሰው ክርክር አንገሸገሸኝ፣ ልተወው ነው ስል የእህቴ መጣ። የእሷን ለማን ልተወው?

ባሏ ባሕር ማዶ ከሄደ በኋላ እዚያው አገር ከሶ ፈታት። ቡሬ ከእሷ ጋር የምትኖረውን የሰባት ዓመት ልጃቸውንም ልውሰድ አለ። የዚያ አገር ፍርድ ቤት በቪዲዮ ይደውላል ከተባለ ቆይቶ ስለነበር ረስተነዋል። አንድ ቀን እቤቷ ሄጄ ሳለ፣ እሷ ሽንኩርት ስትከትፍ ስልኳ ጮኸ። ስታነሣው ስክሪኑ ላይ ካባ የለበሱ ሰውዬ ብቅ አሉ።

አብራቸው የቀረበች አስተርጓሚ በአማርኛ «ዳኛው ናቸው» አለች።

«ተነሽ እንጂ!» አልኳት እህቴን። ልማድ ነውና እኔም ብድግ አልኩ።

ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። «እንደምን ዋሉ ጌታዬ» ብላ እጅ ነሣች። ስለ ክሱ የምትለው እንዳለ ሲጠይቋት፣ ትልቅ ሰው ፊት መሟገት ነውር መስሏት «እርስዎ ያውቃሉ» አለች። «እኔን ለመዳኘት ሥልጣን የለዎትም» ማለት ነበረባት። ይህን ለስንቱ ጽፌያለሁ! ለእህቴ ግን አልታወሰኝም።

ከወራት በኋላ የባሏ ጠበቃ፣ የዚያ አገር ፍርድ ቤት ልጅቱን ለአባቷ ፈርዷልና ፍርዱ እዚህ ይፈጸምልን ብሎ አመለከተ። እኔም «በማታውቀው አገር ልትዳኝ አይገባም» ብዬ መልስ ጻፍኩላት። ጉዳዩ የሚታየው ባሕር ዳር ስለሆነ፣ ዳኛዋን ፍኖተ ሰላም ሆነን በፕላዝማ ነበር የምናያቸው። አንዴ መብራት፣ አንዴ ኔትወርክ፣ አንዴ የመንገድ መዘጋት እየሆነ ቀጠሮ ቀጠሮን ሲወልድ ከረመ። ከቡሬ በመጣች ቁጥር «ወንድምዓለም፣ ዛሬስ ያልቃል?» ትለኛለች። ማጽናናቱም ደክሞኝ ወረቀቴን አገላብጣለሁ።

በመጨረሻው ቀን ዳኛዋ የውጭውን መዝገብ አነበቡ። ተጠሪዋ በቪዲዮ ቀርባለች፣ ቆማ ሰላምታ ሰጥታለች፣ በፍርድ ቤቱ ሥልጣን ላይ መቃወሚያ አላነሣችም ይላል። ስለዚህ ፍርዱ ይፈጸም፣ ልጅቱም ለአባቷ ትሰጥ አሉ። እህቴ አላለቀሰችም። እኔ ግን ራሴን ጠላሁት።

ዳኛዋ ሊወጡ ሲሉ ችሎት አስከባሪው «ተነሡ!» አለ። ቤቱ ሁሉ ለቴሌቪዥኑ ተነሣ። እህቴ ብቻ ተቀምጣ ቀረች። ሰውየው ጎንበስ ብሎ «ተነሽ እንጂ፣ እታለም» አላት።

«አንድ ጊዜ ተነሥቼ ልጄን ሰጠሁ» አለችው። «አሁን ደግሞ ምን ልሰጥ ልነሣ?»

እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ሰውየው አፉን ሳይከፍት ነበር የተነሣሁት።